ለአራት መቶ ሺህ ፋይል የትኛው ፋይል ማኔጀር ይሻላል? (የፎቶ ቤት ማኅደር)

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እንቀርጻለን። የዓመታት ሥራችን በውጫዊ ሃርድ ዲስኮች ላይ እየተደራረበ ፋይሉ ከአራት መቶ ሺህ አልፏል። ደንበኛ ከስንት ዓመት በኋላ ይመጣና ከሠርጉ ቀን አንዲት ፎቶ እንድንፈልግለት ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ያቺ ፎቶ እናቱ ወይም አባቱ ያሉባት ናት፤ የሚፈልጋትም ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የለም ብሎ መመለስ ይከብዳል፤ ፎቶው እያለ ማግኘት አለመቻል ደግሞ የባሰ ነው።

እስካሁን የምንሠራው በዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ነው። ስምንት ሺህ ፎቶ ያለበት ፎልደር ሲከፈት ከላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለች ትሳባለች፤ ደንበኛው ወንበር ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ሰርች ሲደረግ ነገሩ ይብሳል።

ከፋይል ማኔጀር (ፋይሎችን ከምናይበት፣ ኮፒ ከምናደርግበትና ከምናዛውርበት ፕሮግራም) የምፈልገው በስም ቶሎ እንዲያገኝልኝ፣ በጅምላ ስም እንዲቀይርልኝ፣ ኮፒ ያደረግኩት ፋይል ሳይጎድል መድረሱን እንዲያረጋግጥልኝ ነው። ሁሉን ነገር በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ የሚይዝ የካታሎግ ፕሮግራም አልፈልግም። ስለ ፎቶው የምናውቀው ነገር ከፎቶው ጋር አብሮ መኖር አለበት። ኮምፒውተሩ ቢቀየር፣ ፕሮግራሙ ቢጠፋ፣ እኔም ሥራ ብለቅ፣ በቦታዬ የሚቀመጠው ልጅ ዲስኩን ሰክቶ ማግኘት መቻል አለበት። የምትጠቀሙበትንና ለምን እንደመረጣችሁት ጻፉልኝ።

(ምላሹ ስለበዛ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ገጽ በገጽ እንዳይለቅም የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር ከነአስተያየቴ በቁጥሩ ሥር አስፍሬያለሁ።)

ምላሽ 1

የጀመረው ባሕር ዳር የሚሠራ የሙያ ባልደረባ ነው። በትሕትና፣ ኤክስፕሎረርን ከመተዌ በፊት አንድ ነገር እንድሞክር መከረኝ፦ ፎልደሩን በቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ገብቶ ከፒክቸርስ ወደ ጄኔራል አይተምስ መቀየር። ኤክስፕሎረር ፎልደሩን የፎቶ ብሎ ሲይዘው የየፋይሉን ውስጥ እየከፈተ የተነሳበትን ቀን ለማንበብ ስለሚሞክር ነው የሚንቀራፈፈው። አደረግኩት፤ አረንጓዴዋ መስመር አሁን ብልጭ ብላ ትጠፋለች። የፎልደር መዘግየት ብቻ ያስቸገረው ሰው ከዚህ በላይ ማንበብ አያስፈልገውም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዊንዶውስ 11 ኤክስፕሎረር ታብ እንዳለውም አስታውሷል። ታብ ግን ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን አያሳይም፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ምላሽ 2

ረጅም ጽሑፍ ነው፣ በፍቅርም የተጻፈ ነው። ሰውየው ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውን ኖርተን ኮማንደርን፣ ያንን ባለ ሁለት መስኮት ሰማያዊ ስክሪን፣ ቀጥሎም ስዊዘርላንዳዊው ክርስቲያን ጊስለር በ1993 ዊንዶውስ ኮማንደር ብሎ ያወጣውን ይተርካል። ማይክሮሶፍት በስሙ ላይ ቅሬታ ስላነሳ ፕሮግራሙ በ2002 ቶታል ኮማንደር ተባለ። አሠራሩም ቀላል ነው፤ በአንዱ መስኮት ምንጩ፣ በሌላው መድረሻው፤ ኤፍ 5 ኮፒ ያደርጋል፣ ኤፍ 6 ያዛውራል፣ ኮንትሮልና ቢ ሲጫኑ በየንዑስ ፎልደሩ የተበተነው ፋይል ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይወጣል። ኮንትሮልና ኤም ደግሞ የጅምላ ስም መቀየሪያውን ይከፍታል።

ስለዚህ የመጨረሻው ትንሽ ልበል። ካሜራ ፎቶን የሚሰይመው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለት ካሜራማን ሲሠማራ ሁለቱም ዲኤስሲ 4417 የሚል ፎቶ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ወደ አንድ ፎልደር ሲገለበጡ የቀድሞው ይተካ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሌሊቱን ሲቀርጽ ያደረ ልጅ ሳያነብ እሺ ይላል፤ አንዱ ፎቶ በዚያው ጠፍቶ ይቀራል። በስም መቀየሪያው ግን አሮጌውና አዲሱ ስም በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ይታያል፤ ምንም ሳይነካ አስቀድሞ ማንበብ ይቻላል። ቀን፣ የሙሽሮቹ ስም፣ የካሜራው መለያ፣ ከዚያ ባለ አራት አሃዝ ተራ ቁጥር ተብሎ የአንድ ሠርግ ፎቶ በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ይሰየማል። ካላማረም መመለሻ ቁልፍ አለው።

ምላሽ 3

ሁለተኛውን እያመሰገነች ያረመችው እህት ናት። ቶታል ኮማንደር ነፃ አይደለም፤ የሙከራ ጊዜው ካለፈ በኋላ መግዛት ይገባል፤ ያልተገዛው ሲከፈት ከሦስት ቁጥሮች አንዱን ተጫን እያለ የሚያስታውሰው ለዚህ ነው። የገዛ ሰው ተከታዮቹን ስሪቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ ይህ ያስመሰግነዋል። ችግሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ለሶፍትዌር መክፈል ቀላል አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ደብል ኮማንደርን አቀረበች፦ ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፣ ቁልፎቹም ያው ናቸው። የጅምላ ስም መቀየሪያውም፣ የሁለት ፎልደር ማመሳሰያውም አብሮት አለ።

ምላሽ 4 እና 5

አራተኛው በሁለት መስመር ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ቶታል ኮማንደር በቴሌግራም ልላክልህ አለ። አምስተኛው በቁጣ ነው የመጣው። የሰው የትዳር መጀመሪያ በአደራ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ክራክ መጫን ኃላፊነት የጎደለው ነው ሲል አራተኛውን ገሠጸ። በእንዲህ ያለ ፋይል የገባ ራንሰምዌር የአንድ ወዳጁን ሙሉ ዲስክ ቆልፎ ገንዘብ እንደጠየቀበትም ነገረን። አራተኛው ተመልሶ እንደ ሀብታም አትናገር የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጠ፤ የተወሰነ ጊዜ ተነካከሱ። እኔ ከአምስተኛው ጋር ነኝ። ነፃውና ንጹሑ ደብል ኮማንደር እያለ የተሰረቀ መጫን ምንም ምክንያት የለውም።

ምላሽ 6

ሪያድ ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምትተዳደር እህት ናት፤ እሷ ያለባት የፎቶ ሳይሆን የደረሰኝ ክምር ነው። ለመፈለግ ፋይል ማኔጀርን አትመኑ፣ ኤቭሪቲንግ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ አለች። ኤቭሪቲንግ ፎልደር በፎልደር አይዞርም። የኤንቲኤፍኤስ ዲስክ (የዊንዶውስ የተለመደው የዲስክ አደረጃጀት) የፋይሎቹን ሁሉ ስም የሚይዝበት ዋና ሰንጠረዥ አለው፤ ፕሮግራሙ ያንን ሰንጠረዥ በቀጥታ ያነባል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ደግሞ ከዲስኩ የለውጥ መዝገብ ይከታተላል። ፊደል ስትጽፍ ውጤቱ አብሮ ይጠባል። ሞከርኩት፤ የአራት መቶ ሺህ ፋይል ፍለጋ ከዓይን ቅጽበት አያልፍም።

ይህችው እህት ግን ወዲያው አንድ እሾህ አወጣች። ሠርግ ብላ ስትፈልግ በእሳቱ ሰ የተጻፈው ሁሉ አይመጣላትም። ለኮምፒውተሩ ሠ እና ሰ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደሎች ናቸው።

ምላሽ 7

በጡረታ ላይ ያሉ የቤተ መዛግብት ባለሙያ ናቸው፤ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት አሰያየማችሁን ምረጡ የሚል ነው ምክራቸው። ቀጥለው ስለ ድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች አነሱ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (የየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚያገኝበት የጋራ መስፈርት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ቢሮ የተጠቀመባቸው፣ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የግዕዝ ሥዕል የሚያለብሱ ነበሩ። በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና ምልክት ውዝግብ ሆኖ ይታያል፤ በአማርኛ ቃል ቢፈለግም አይገኝም። ምንም ያህል ፈጣን ፋይል ማኔጀር ይህን አይፈታውም፤ ሰነዱ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ ፎንት መቀየሪያ ወሬ ተሳበ፤ ለፎቶ ቤት ብዙም ስለማይጠቅም አልፌዋለሁ።

ምላሽ 8

የስድስተኛዋ እህት ላወጣችው እሾህ መድኃኒቱን የሰጠ የፕሮግራም ሠራተኛ ነው። ኤቭሪቲንግ ላይ ቀጥ ያለች መስመር በሁለት ቃል መካከል ስትገባ ወይም ማለት ናት፦ ሠርግ|ሰርግ ተብሎ ሲጻፍ ሁለቱም ይመጣሉ። ቃሉ ብዙ መልክ ካለው ደግሞ ሬጀክስ የሚባለውን፣ በፊደል ንድፍ መፈለጊያውን፣ ከፍቶ ተመሳሳዮቹን በካሬ ቅንፍ ውስጥ መደርደር ነው፦ [ጸፀ][ሐሀሃኀኃሓ]ይ። በዚህች አንድ መስመር ፀሐይ የተባለች ሙሽራ በየትኛውም አጻጻፍ ብትመዘገብ ትገኛለች። ስሟ በእኛ ዲስኮች ላይ ስንት ዓይነት መልክ እንዳለው ሳይ ገረመኝ።

እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ፣ ሰው ፊደሉን በትክክል ይጻፍ፣ ኮምፒውተር ለማይምነት አይጎንበስ የሚል ኃይለኛ አቋም ያዘ። ሌላዋ፣ የሰው ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ነው የሚጻፈው፣ ኃይሉን በሃሌታው ሃ የሚጽፍ ሙሽራ ካለ ማንም ሊያርመው አይችልም ስትል መለሰች። ሦስተኛው በላቲን ፊደል እንሰይም አለ። ይኼኛው ከሁሉም የከፋ መፍትሔ ነው፤ ፀሐይን በላቲን ጻፉ ብሎ አሥር ሰው ማሰለፍ ነው፣ ያኔ ይታያል። እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው፦ የዝግጅቱ ዓይነት፣ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ ብቻ ይገባል፣ ዝርዝሩም ከኮምፒውተሩ በላይ ተለጥፏል። የሰው ስም ግን እንደ ባለቤቱ ነው፤ የሚፈለገው በካሬ ቅንፉ ነው።

ምላሽ 9 እና 10

ዘጠነኛው ቀኑ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር ይጻፍ ብሎ ጠየቀ። ካሜራው በፈረንጅ ይጽፋል፣ ደንበኛው ጥር 13 ቀን 2010 ብሎ ይመጣል። የሱ ሐሳብ ከፈረንጁ ዓመት ስምንት እየቀነሱ ማስታወስ በቂ ነው የሚል ነበር። አሥረኛው ቆጣ ብሎ አረመው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ልዩነቱ ሰባት ነው፣ ስምንት የሚሆነው ፈረንጁ ዓመቱን ከቀየረ በኋላ ነው። ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት ደግሞ መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል፣ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል፤ በግምት የሚሠራ ሰው በአንድ ቀን ይስታል። ቃሉ ይጎረብጥ እንጂ ሒሳቡ ልክ ነው።

መፍትሔውም ከሱ መጣ። ሁለቱም ይጻፉ፣ ግን የፈረንጁ ይቅደም፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፦ 2018-01-21 ጥር 13 2010 ሠርግ፣ ከዚያ የሙሽሮቹ ስም። እንዲህ ሲሆን ፎልደሮቹ በስም ሲደረደሩ ራሳቸው በጊዜ ተራቸው ይሰለፋሉ። ቀንን በእዝባር መለየት ዊንዶውስ አይፈቅድም፤ ሰረዝ ነው የሚሻለው። የፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ዓ.ም. ብሎ በነጥብ መዝጋትም አይገባም፤ ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ነጥብ ይጥላታል፣ ከሊኑክስ የመጣ በነጥብ የሚያልቅ ፎልደር ደግሞ አልከፈት ብሎ ያስቸግራል።

ምላሽ 11

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የቤተሰቡን ማኅደር በቤቱ ሰርቨር ላይ የሚያስቀምጥ ወንድም ነው። ወደዚያ ሲገለብጥ የተወሰኑ ፋይሎች ስማቸው ረዘመ ተብለው ተመለሱበት፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ምንም አልነበሩም። ምክንያቱን ሲያብራራ፣ ኤንቲኤፍኤስ የአንድን ፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይቀበላል፣ ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኢኤክስቲ 4 ግን የሚቆጥረው 255 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ ፊደል በባይት በሚጻፍበት መንገድ) ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለአማርኛ ስም የሚተርፈው 85 ፊደል ብቻ ነው። የሙሽሮቹን ስም ከነአያት፣ የአዳራሹን ስም፣ የሰፈሩን ስም በአንድ ላይ የሚያስገባ ሰው በቀላሉ ያልፈዋል። ዊንዶውስም ቢሆን ጠቅላላ የመንገዱ ርዝመት ከድራይቩ ጀምሮ በልማድ በ260 ፊደል የታጠረ ነው፤ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲደራረብ ይሞላል። ከውይይቱ ሁሉ ያልጠበቅኩት ትምህርት ይህ ነው፤ በአማርኛ ፋይል የሚሰይም ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ምላሽ 12

እዚህ ላይ ተራው የኔ ሆነ። ጀርመን የሚኖር ፎቶ አንሺ ካታሎግ አልፈልግም ማለቴን አጥብቆ ተቃወመ፤ ፎቶን በፋይል ስም ብቻ ማደራጀት ኋላ ቀርነት ነው እስከማለት ደረሰ። ስሙ ላይ ሙሽሮቹ ይጻፋሉ እንጂ አያቲቱ በስንተኛው ፎቶ ላይ እንዳሉ አይጻፍም፤ ዲጂካም ያለ ነፃ ፕሮግራም ግን ፊት አውቆ ይለያል። በፋይል ማኔጀር ፎቶ ማዛወር ካታሎግን እንደሚያበላሽም አስጠነቀቀ፤ ካታሎጉ ፎቶውን በድሮ ቦታው ፈልጎ ያጣውና ጠፍቷል ይላል።

ክርክሩ ፍሬ ያፈራው ዲጂካም የጻፉበትን መለያ ቃል ወደ ፎቶው ውስጥ ወይም ከጎኑ በሚቀመጥ ኤክስኤምፒ በሚባል ትንሽ ፋይል ውስጥ እንዲጽፍ ማዘዝ እንደሚቻል ሲነግረኝ ነው። እንደዚያ ከሆነ መረጃው ከፎቶው ጋር ይጓዛል፤ እኔ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው። ልዩነታችን በዚህ ጠበበ። ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ የሚቀር መለያ ግን አሁንም አልቀበልም።

ምላሽ 13

ሐዋሳ ያለ የቪዲዮ ኤዲተር ነው፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምላሽ። መብራት በሚጠፋበት አገር ከዲስክ ወደ ዲስክ ማዛወር የሚባለውን ቁልፍ እርሱት ነው የሚለው። ማዛወር ማለት ኮፒ አድርጎ ምንጩን ማጥፋት ነው፤ መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል፣ ሲጻፍ የነበረውም ፋይል ይጎዳል። ኤክስፋት (ዊንዶውስም ማክም የሚጽፉበት የዲስክ አደረጃጀት) እንደ ኤንቲኤፍኤስ ከብልሽት የሚያገግምበት መዝገብ ስለማይዝ አደጋው ይበረታበታል። የሱ ሥርዓት ይህ ነው፦ ኮፒ ማድረግ፣ ቼክሰም ፋይል (ከየፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር የሚይዝ) መሥራት፣ መድረሻው ላይ ማረጋገጥ፣ ሁሉም ሲመሳሰል ብቻ ሜሞሪ ካርዱን ፎርማት ማድረግ። ደብል ኮማንደርም ቶታል ኮማንደርም ይህን ያለ ሌላ ፕሮግራም ይሠራሉ። በሮቦኮፒ (በዊንዶውስ የጽሑፍ ትእዛዝ ኮፒ ማድረጊያ) ለሚሠሩም ሚር የሚለው ትእዛዝ ምንጩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው እንደሚያጠፋ አሳሰበ፤ ምንጭና መድረሻ ከተገላበጡ ባክአፑ አለቀ ማለት ነው።

ስለ ደንበኛ ፍላሽም ጻፈ። ሾርትከት ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ሲሰካ ኤክስፕሎረር ላይ የሚታየው ሾርትከት ብቻ ነው፤ ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፎርማት ያደርገዋል፣ ወይም ሾርትከቱን ተጭኖ ቫይረሱን ያስነሣዋል። የተደበቁና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ የተስተካከለ ፋይል ማኔጀር ላይ ግን እውነተኛው ፎልደር ከነይዘቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በኤፍ 5 ማውጣት ነው። የተዘጋጀውን ቪዲዮ ፍላሹ አልቀበል ሲል ደግሞ ፍላሹ አሮጌው የዲስክ አደረጃጀት ፋት 32 ሆኖ ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት በልጦ እንደሆነ መጀመሪያ ይታይ።

ምላሽ 14

ስለ ስልክ ፋይል ማኔጀር የጠየቀ ወጣት ነው። ቶታል ኮማንደር ለአንድሮይድ በነፃ እንዳለ ተነገረውና ወሬው እዚያው አበቃ።

ምላሽ 15

የመጀመሪያው የባሕር ዳር ሰው ተመልሶ በመጨረሻ ምን መረጥክ አለኝ። ለኮፒ፣ ለስምና ለማረጋገጫ ደብል ኮማንደር፤ ለፍለጋ ኤቭሪቲንግ፤ ሰው የሚለይባቸውን ፎቶዎች ብቻ በዲጂካም፣ መለያው ወደ ፎቶው እንዲጻፍ ተደርጎ። ስም የመቀየሩን ሥራ ከ2009 ዓ.ም ሠርጎች ጀምረናል።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ከዲስኮቻችን ግማሹ ኤክስፋት ናቸው፤ አንዱ ኤዲተራችን በማክ ስለሚሠራ፣ ማክ ደግሞ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ኤቭሪቲንግ ኤክስፋትን ፎልደር በፎልደር ዞሮ ስለሚመዘግብ የነዚህ ዲስኮች ምዝገባ ገና ሰከንዶች ሳይሆን ደቂቃዎች ነው። ለመደርደሪያ ዲስኮች የፋይል ዝርዝር አውጥቶ ማስቀመጥ እንደሚቻል አይቻለሁ፤ ዲስኩ ሳይሰካ ስሙ ይፈለጋል፣ ግን በተለወጠ ቁጥር በእጅ መታደስ አለበት። ዊንዶውስና ማክ በአንድ ቤት የምታሠሩ ይህን እንዴት እንደያዛችሁት ጻፉልኝ።